«ይበል!» የሚል ልጅ

ሰኔ ላይ ነው፤ የወላጆች ቀን። ደብረ ብርሃን በሰኔም ጋቢ ታስለብሳለች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ነፋሱ ማይክሮፎኑን እያንኳኳ ያስቸግራል። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ወጣች። ሹሩባዋ የዚያን ዕለት የተሠራ ነው፤ ቀሚሷ ተተኩሷል። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሃያ የሚያህል ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ጮኸችው። እናቷ በስልክ ቀረጹ። ተጨበጨበ። ልጅቷ እየሮጠች ወረደች።

አጠገቤ የተቀመጡትን አባት «ግጥሙ ስለ ምን ነበር?» አልኳቸው። «እንጃ፣ ግን ጎበዝ ናት!» አሉኝ። ዝግጅቱ ሲያበቃ ልጅቷን አገኘኋትና «ሚጡዬ፣ ከግጥሙ የትኛውን ትወጂዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አየችኝና በኩራት መለሰች፦ «ቲቸር፣ ሳልሳሳት እኮ ጨረስኩ!»

ያ መልስ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ልጅቷ ትጉ ናት፤ አስተማሪዋም ሳይደክሙ አልቀሩም፤ እናቷም ማታ ማታ አስጠንተዋታል። ይህ ሁሉ ድካም ፈስሶ ልጅቷ እጅ የገባው ያለመሳሳት ደስታ ብቻ ነው። ግጥሙ ራሱ በአፏ አልፎ ሄደ፤ በጆሮዋ አልገባም። እኛም ታዳሚዎቹ አልሰማነውም፤ ልጅቷን አየናት እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ሕጻናት ግቢዬ እሰበስባለሁ። ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን ግጥም እንጫወታለን። ቆሎ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ነገር ያለ ጥርጥር ልነግራችሁ እችላለሁ፦ ማንኛውም ልጅ ግጥም ማቅረብ ይችላል፤ ዓይን አፋሩም፣ ተንተባታቢውም፣ «ይኼ እንኳ ለዚህ አልተፈጠረም» የተባለውም። መንገዱ ግን ከአፍ አይጀምርም። ከጆሮ ይጀምራል።

ይህን ከሩቅ አገር መጽሐፍ አላመጣሁትም። አገራችን ግጥም ሰሚን የምታሠለጥንበት አንዲት ቃል አለቻት፤ «ይበል!» የምትለዋ። ቅኔ ሲሰማ ልቡ የተነካ ሰው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ እዚያው «ይበል!» ይላል። ቃሏ እንደ ጭብጨባ አይደለችም። ጭብጨባ ሳይሰሙም ይጨበጨባል፤ ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ እኛው አድርገነዋል። «ይበል» ለማለት ግን ሰምን ከወርቅ መለየት፣ ነገሩ የት ላይ እንደታጠፈ ማወቅ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት መንቃት ያስፈልጋል። ያለ ቦታው «ይበል» ያለ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ሌላም ነገር ያስተምረናል። ጀማሪ ተማሪ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ስንኝ። ሁለት ብቻ! እሱን ሲያደላድል ወደ ሦስት፣ ወደ አምስት፣ ወደ ስድስት እያደገ ይሄዳል፤ ስምንት ስንኝ ያለው መወድስ ላይ ለመድረስ ብዙ ይቀረዋል። ዕድሜው ከሕጻን ከፍ ያለ፣ ዳዊት የደገመ ተማሪ በሁለት ስንኝ ሲጀምር፣ እኛ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ሃያ ስንኝ እንጭናለን። ከዚያ ደግሞ «የዛሬ ልጆች መያዝ አይችሉም» እንላለን።

ንባብ ቤቱንም አስታውሱ። የቄስ ተማሪ ፊደል ከለየ በኋላ ንባብን በተነሽ፣ በወዳቂ፣ በተጣይና በሰያፍ እየለየ ይማራል። ቃሉ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚወድቅ በጆሮው ይይዛል፤ ከሳተ የኔታ ይመልሱታል። ድምፅን አውቆ ማንሣትና መጣል እንግዲህ ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። አንኮበርና መንዝ፣ ቡልጋና ተጉለት ዙሪያችንን ባሉበት አገር ተቀምጠን ልጆቻችን ግጥምን በአንድ የጩኸት መጠን ብቻ እንዲያቀርቡ መፍቀዳችን ያስቆጨኛል።

ልጆቹስ? ልጆቹ ያውቁበታል። ነሐሴ 13 ቀን ደጃችሁን የሚያንኳኩትን ልጆች ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ ማንም አላስጠናቸውም፤ ማንም «እጅህን ዘርጋ» አላላቸውም። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ። አውራጁ የቤቱን ጌታ አይቶ ስንኙን ይለውጣል፤ ሙልሙሉ የዘገየ እንደሆነ ነገሩን ጠንከር ያደርገዋል፤ የተሰጠው እንደሆነ ወደ ምርቃት ይዞራል። የታዳሚን ፊት ማንበብ ማለት ይኸው ነው። መስከረም 1 ቀን ደግሞ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ይዘው ይመጣሉ፤ እዚያም አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በሁለቱም ጨዋታ መድረክ ላይ ብቻውን የቀረ ልጅ የለም። ተቀባይ ያለው ልጅ አይፈራም፤ ቃሉም አይጠፋበትም፤ ቢጠፋበት እንኳ ተቀባዮቹ ተቀብለው ትንፋሽ ይሰጡታል።

የግጥም ሊቃውንታችን ከአማርኛ ግጥም ምጣኔዎች አንዱን «ቡሄ በሉ» ብለው የሰየሙት በዚሁ በልጆቹ ጨዋታ ነው። ስንኙ አራት አራት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ የወል ቤት ስድስት ስድስት። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን ስም መንገር አያስፈልግም። ዱላ ስጡት፤ መሬቱን ይምታ። አራት ቀለም፣ ምት፤ አራት ቀለም፣ ምት። ከሁለት ቅዳሜ በኋላ አንዱ ቀለም የጎደለ እንደሆነ ልጁ ራሱ «ተሰበረ!» ብሎ ይነግራችኋል። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች የጎደለ ስንኝ ሲሰሙ ሸካራ ነገር እንደነኩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ያን ፊት ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ወሰን የለውም።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ቅዳሜ ልውሰዳችሁ።

ከበደ ሚካኤል የእኛው አገር ሰው ናቸው። በ1909 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወልደው በ1991 ዓ.ም. ያረፉ፣ «ታሪክና ምሳሌ» የተባለው መጽሐፋቸው በትምህርት ቤት የተነበበላቸው ደራሲ ናቸው። «አዝማሪና የውሃ ሙላት» የሚል ግጥም አላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ አዝማሪ የሞላ ወንዝ ይገጥመዋል። ማሲንቆውን ይዞ፣ እንዲያሻግረው ብሎ ወንዙን ያወድሰዋል። ይህን ያየ መንገደኛ ይገረማል፤ ውኃው ግን አይሰማም፤ ይፈሳል።

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ በረሳም ሞልቷል። ሙላት ምን እንደሆነ ለደብረ ብርሃን ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጆቹን ከፋፈልኳቸው። ስምንቱ ውኃ ሆኑ፤ ሥራቸው «ሽሽሽ» ማለት ነው። አንዱ አዝማሪ ሆነ፤ ማሲንቆው የማገዶ እንጨት፣ ደጋኑ የመጥረጊያ ስንጥር ነው። አንዷ መንገደኛ ሆነች። የቀሩት ሰሚዎች ናቸው፤ ልባቸውን የነካው ቦታ ላይ «ይበል» እንዲሉ ተነግሯቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ውኃው አዝማሪውን ዋጠው። ስምንት ልጅ በሙሉ ጉልበቱ ሲፈስ አንድ ልጅ ምን ይሰማል? «ውኃ፣ አዝማሪው ሲናገር ዝም በል» አልኩ። ይህን ጊዜ ከውኃዎቹ አንዱ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቆም አለና «ቲቸር፣ ውኃው ዝም ካለማ ሰማው ማለት ነው» አለኝ።

እኔ ያንን ግጥም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በቃሌ እወጣዋለሁ። ልጁ ያየውን ግን አላየሁም ነበር። የግጥሙ ጉዳይ ሁሉ ውኃው አለመስማቱ ላይ ነው፤ ውኃው ዝም ካለ ግጥሙ ይፈርሳል። ልጁ ይህን ያገኘው «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠይቆ አይደለም። ውኃ ሆኖ ነው።

ተመካከርን። ልጆቹ ራሳቸው መላ አመጡ፦ ውኃው አይቆምም፣ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ውኃ ይሁን፤ አዝማሪው ሲጨርስ እንደገና ይጩህ። ቀጥሎ አዝማሪውን አየን። ወንዝን የሚያሞካሽ ሰው ድምፁ ምን ይመስላል? አንዱ ልጅ «እኔ እማዬን ብስኩት ግዢልኝ ስል እንደምለው» አለና አሳየን። ድምፁ ቀለጠ፣ አንገቱ ዘመም አለ፣ ዓይኑ ተቁለጨለጨ። ሰሚዎቹ በአንድ ጊዜ «ይበል!» አሉ። የ«ይበል» ቦታ እዚያው ነበረች።

እንግዲህ እጅ መዘርጋት፣ ዓይን መጨፈን፣ መጮህ የት ሄደ? ማንም አልከለከላቸውም። አላስፈለጋቸውም። ልጅ የሚናገረውን ካወቀና የሚሰማው ሰው ካለ ገላው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ለአስተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ፦ «ስሜት ጨምር!» አትበሉት። ስሜት እንደ በርበሬ የሚጨመር ነገር አይደለም። «ለማን ነው የምትነግረው? ምን ፈልገህ ነው?» በሉት፤ ቀሪውን እሱ ይሠራዋል።

ልጅ መቀበልን ከለመደ መፍጠርም ይመጣል። አሜሪካዊው ገጣሚ ኬኔት ኮክ በ1968 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆችን ግጥም ማጻፍ ሲጀምር ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱን ስንኝ «እመኛለሁ» ብለው እንዲጀምሩ አደረጋቸው። ልጆቹ የጻፉትን በ1970 በመጽሐፍ አውጥቶታል። እኔም ሞከርኩት። አማርኛ ግን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «እመኛለሁ» ከስንኙ ጫፍ ላይ ተደረደረና ሁሉም በአንድ ቤት መታ፤ ልጆቹም ሰለቻቸው። ስለዚህ የኛን ጎረቤት ሰጠኋቸው፤ ብርዱን። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ከስሟ ጋር የሚነሣ ከተማ ልጆች ስለ ብርድ የሚሉት አያጡም። «ብርዱ» ብለህ ጀምር፣ ዱላህን ምታ፣ ሁለት ስንኝ ስጠኝ አልኩ። ዝም ዝም ካሉ በኋላ አንዱ እንዲህ አለ፦

ብርዱ መጣ በመስኮቱ፣
አልሄድ አለ ወደ ቤቱ።

አራት አራት። ቤቱም ደንብ አድርጎ መታ። «ይበል» ተባለ። ጨዋታው ግን እዚያ አላለቀም፤ አንዷ ትንሽ ልጅ «የብርዱ ቤት የት ነው?» ብላ ጠየቀች። ገጣሚው አሰበና «አንኮበር» አለ። ሌላው «የለም፣ በረሳ ውስጥ ነው» አለ። ሌላዋ «ቤት የለውማ! ለዚህ ነው እኛ ጋ የሚመጣው» አለች። ለግጥም ምላሽ መስጠት ማለት ይኼ ነው፤ በግጥሙ ውስጥ ገብቶ መኖር። የመጨረሻዋን ልጅ መልስ ስሰማ ለራሴ ይበል አልኩ። ከቀዬአቸው ተፈናቅለው ከተማችን የተጠለሉ ቤተሰቦች ልጆች ቅዳሜ ላይ አብረውን አሉ፤ «ቤት የለውማ» ያለችው ከእነርሱ አንዷ ናት።

የእሷ ድምፅ ለሦስት ወር ያህል አልተሰማም ነበር። ማንም አልገፋትም። ሌሎቹ ሲቀበሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ከዚያ ከውኃዎቹ ጋር «ሽሽሽ» አለች፤ ከዚያ «ይበል» አለች፤ ከዚያ ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናገረች። ዓይን አፋር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ። ልጁን ብቻውን አቁማችሁ «እስቲ ለእንግዶቹ አንድ ግጥም በል» አትበሉት። ከብዙዎች ጋር ይቀበል። ድምፁን በሌሎች ድምፅ ውስጥ ደብቆ ይሞክረው። ቀኑ ሲደርስ ራሱ ያወጣዋል።

«ግጥም እንጀራ አይሆንም፤ ልጄ ማንበብ ይልመድልኝ» የምትሉም አላችሁ፤ እሰማችኋለሁ። ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕጻናትን ለዓመታት ተከታትለው በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ተመሳሳይ ድምፆችን በጆሮ የሚለዩ ልጆች በኋላ በንባብ እንደሚቀናቸው አሳይተዋል። ለኛ ፊደል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። አማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው፤ «ቱ» በ«ቱ»፣ «ሁ» በ«ሁ»። ቤት የሚለይ ልጅ ካዕቡን ከሣልሱ በጆሮው እየለየ ነው።

«እኔ ግጥም አላውቅም» ለምትሉ ወላጆች አጥብቄ ልናገር። ታውቃላችሁ። እንቆቅልሽ ታውቃላችሁ። ቡሄን ጨፍራችኋል። ከአያቶቻችሁ ተረት ሰምታችኋል፤ ተረቱ ሲጀመር «የመሠረት» ብላችሁ መልሳችኋል፤ ይህም መቀበል ነው። በጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን ያየን ሰዎች ደግሞ ምስክሮች ነን። ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የልጆች ዝግጅት ሲያቀርቡ ሰላምታ ሰጥተው ጥቂት ይጠብቁ ነበር፤ እኛም ከቴሌቪዥኑ ማዶ ሆነን ሰላምታቸውን እንመልስ ነበር። መልሳችን እንደማይደርሳቸው አላወቅንም፤ ቢነገረንም አናምንም ነበር። እኚያ ሰው የአገርን ልጅ ሁሉ ተቀባይ አድርገውታል። እናንተ ከልጃችሁ ጋር የምትቀመጡት በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነው፤ መልሱ ይደርሳችኋል።

ስለዚህ ከልጃችሁ ብዙ አትጠይቁ። ሁለት ስንኝ በቂ ነው። ቢሳሳት አታርሙት፤ ጆሮው ያርመዋል። ቢያንሾካሹክ ጠጋ በሉ። ስልካችሁን ግን አስቀምጡ፤ ልጁ ካሜራ ፊት ሲሆን የሚናገረው ለካሜራው ነው። በእጃችሁ ምቱን ያዙለት። ወንድሞቹና እኅቶቹ ይቀበሉት። አያት ካሉ ደግሞ እሳቸው ያውርዱ፣ ሁላችሁም ተቀበሉ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከእኛ ይልቅ እሳቸው የሚያውቁት ይበዛል፤ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው ዝም ያሉት።

የዘንድሮውን የወላጆች ቀን የምታዘጋጁ መምህራን ደግሞ ከፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ለውጡልኝ። ግጥም የምታቀርበው ልጅ ከመውጣቷ በፊት ለታዳሚው «ልባችሁን የነካው ቦታ ላይ ይበል በሉ» ብላችሁ ንገሩ። እኛ ወላጆች ያን ጊዜ መስማት ግድ ይሆንብናል።

እናንተ ግን እስከ ሰኔ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ እራት ሲነሣ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ልጃችሁን «ብርዱ» ብሎ እንዲጀምር ጠይቁት። የሚለውን እስከ መጨረሻው ስሙት። ልባችሁን የነካው ቦታ ላይም፣ እስኪጨርስ ሳትጠብቁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ «ይበል!» በሉት።